የደጋው አየርና የጄት አይሮፕላን



ስለ ከፍታ እንድናገር ይህ ጉባኤ በፈቀደልኝ በዛሬው ምሽት፥ አስቀድሜ ላሳስባችሁ የምወደው ነገር፥ አሁን በዚህ አዳራሽ ተቀምጠን ያለ ድካም የምንተነፍሰው አየር፥ የመጀመሪያዎቹ የጄት አይሮፕላኖች በ12 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ለተሳፋሪዎቻቸው በብዙ ጥበብና በብዙ መሥዋዕትነት ካዘጋጁት አየር ጋር እጅግም የማይለያይ መሆኑን ነው። አዲስ አበባ እንደየሰፈሩ ዐቀበትና ቁልቁለት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 እስከ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ እንጦጦን ስንወጣ ደግሞ 3000 ሜትርን እናልፋለን። የእንግሊዞቹ ኮሜት፥ በመንገደኛ ማመላለስ የመጀመሪያው የጄት አይሮፕላን፥ 40 ሺህ ጫማ ማለት 12 ሺህ 200 ሜትር ያህል ወጥቶ ሲበርር በውስጡ እንዲጠበቅ የተወሰነለት አየር የ8 ሺህ ጫማ፥ ይኸውም የ2440 ሜትር አየር ነበር። እንግዲህ በዚያ በጠፈር አጠገብ የሚበርረው መንገደኛ፥ በእስትንፋሱ በኩል ከታየ፥ የአራት ኪሎ ነዋሪ ነው፤ በእንጦጦ ማርያም ደጀ ሰላም ቆሞ የሚያስቀድሰው ምእመን ግን ከርሱ ይልቅ በሳሳ አየር ውስጥ ይገኛል።

ይህን የማነሣው ለማስደነቅ ብቻ አይደለም። የጄት አይሮፕላን ታሪክ በአንድ መጽሐፍ፥ የደጋ አገር መልክዐ ምድር በሌላ መጽሐፍ መጻፉ ለትምህርት አከፋፈል ያህል ተገቢ ቢሆንም፥ ነገሩን ከሥሩ ለሚመረምር ሰው ሁለቱን የሚገዛቸው ሕግ አንድ ነው፤ እርሱም ከምድር በራቁ መጠን አየር እየሳሳ የመሄዱ ሕግ ነው። የአየሩን መሳሳት ጄቱ በሰማይ ሳለ ይፈልገዋል፤ በቦሌ ሜዳ ላይ ለመነሣት ሲንደረደር ግን ያው መሳሳት ያስጨንቀዋል፤ በሆዱ ውስጥ ተሸክሞት የሚሄደው ሰው ደግሞ የደጋውን አየር እንጂ የጠፈሩን አየር ከቶ አይችለውም።

አየር ክብደት አለው። በባሕር ዳር የቆመ ሰው ከራሱ በላይ የተከመረውን አየር ሁሉ ተሸክሞ ይቆማል፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ከበላዩ የሚቀረው ክምር ስለሚያንስ፥ የከበበውም አየር የሚጫነው እያጣ ይላላል። ሊቃውንት ለስሌት እንዲመች ባዘጋጁት አማካይ ሠንጠረዥ መሠረት ግፊቱ በ5500 ሜትር ላይ የባሕር ዳሩ እኩሌታ ይሆናል፤ በ12 ሺህ ሜትር ላይ አምስተኛውን እጅ እንኳ አይሞላም፤ ቅዝቃዜውም በዚያ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ይደርሳል። በከተማችን ያለው ግፊት የባሕር ዳሩ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውኃ በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም ስለዚህ ነው፤ ከምጽዋ ወይም ከጅቡቲ ወደ ደጋ የወጣች ባለሞያ ወይዘሮም ባቄላው ቶሎ አልበስል ቢላት ጉድለቱ የማገዶው አይደለም።

የአገራችን ሰው ከፍታን በሜትር መለካት ከመማሩ እጅግ አስቀድሞ በአዝመራ ሲለካው ኖሯል። ማሽላው የሚያምርበትን ቆላ፥ ጤፉ የሚንዠረገግበትን ወይና ደጋ፥ ገብሱና ባቄላው የሚሰምርበትን ደጋ ብሎ ለይቶ፥ ከዚያም በላይ እህል እየቀጨጨ ሄዶ ጓሳና ጅብራ ብቻ የሚቀርበትን ብርዳም ቦታ ውርጭ ብሎ ሰይሞታል። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ከሚጠልቀው ከዳሎል ተነሥቶ፥ 4500 ሜትርን እስከሚያልፈው እስከ ራስ ዳሸን ድረስ፥ በአንድ አገር ውስጥ ይህን ያህል የከፍታ ልዩነት መገኘቱ፥ በየ1000 ሜትሩም ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀነሰ መሄዱ፥ ለገበሬው የሌላውን አገር ሰሜንና ደቡብ ያህል ነው፤ ሰሜንና ደቡብን ለማየት ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር መጓዝ ሲያስፈልግ፥ የዐባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ግን የአንድ ቀን ወይም የሁለት ቀን የእግር መንገድ ነው። ወባ ከ2000 ሜትር በላይ እምብዛም ስለማይወጣ፥ ዝናሙም በደጋው ስለሚበረታ፥ አባቶቻችን ከፍታን መኖሪያና መመሸጊያ አደረጉት፤ ደብረ ዳሞን የመሰሉ ገዳማትም ሰው በገመድ ካልተሳበ በማይወጣበት አምባ ላይ ተመሠረቱ።

በዚህ ሁሉ ስያሜና አከፋፈል ውስጥ ግን አንድ ነገር ሳይጠራ መቅረቱን ልብ ማለት ያሻል። ገበሬው ደጋን በውርጩ፥ በዝናሙና በእህሉ ይለየዋል እንጂ በእስትንፋሱ አይለየውም፤ በዚያ ተወልዶ በዚያ ያደገ ሰው ሳንባው የጎደለውን አየር አያውቅምና። ይህም እንዲያው የልማድ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 የታተመ አንድ ጥናት አሳይቷል፤ በሰሜን ተራራ በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው ሲመረመር፥ የሄሞግሎቢኑ መጠንም ሆነ ደሙ የተሸከመው ኦክሲጅን ከባሕር ዳር ነዋሪ ደም የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸውን በሄሞግሎቢን ሲያበለጽጉ፥ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክሲጅን አንሶ ሳለ በሌላ ዘዴ ሲኖሩ፥ የሰሜን ሰው በሦስተኛ መንገድ ለተፈጥሮ መልስ ሰጥቷል፤ እንዴት እንደ ሆነ ጠንቅቆ መመርመር፥ እንደኔ አስተያየት፥ ከማንም በፊት የራሳችን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዕዳ ነው።

በ1961 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በሜክሲኮ ከተማ፥ በ2240 ሜትር ከፍታ ላይ በተደረገው ኦሊምፒክ፥ ከባሕር ዳር አገር የመጡ ዕውቅ የረጅም ርቀት ሯጮች ትንፋሽ አጥሯቸው ሲዝለፈለፉ፥ ማሞ ወልዴ፥ ጓደኛው አበበ ቢቂላ በእግሩ ሕመም ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ባቋረጠበት ማራቶን፥ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። በዚያው ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ቦብ ቢመን 8 ሜትር ከ90 በርዝመት ዘለለ፤ የሳሳው አየር ለዘላዩ መቋቋሚያውን አሳንሶ ሲረዳው፥ ሯጩን ግን እስትንፋሱን ነሥቶ አዳከመው። የአይሮፕላንም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ ጄት ዘላይም ሯጭም ሆኖ የተፈጠረ መሣሪያ ነውና።

ፍራንክ ዊትል የተባለው እንግሊዛዊ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 በክራንዌል የአየር ኀይል ትምህርት ቤት ገና የ21 ዓመት ዕጩ መኰንን ሳለ፥ ለመመረቂያው ባቀረበው ጽሑፍ፥ በጣም ፈጥኖና በጣም ርቆ መብረር የሚሻ አይሮፕላን አየሩ ወደ ሳሳበት ከፍታ መውጣት እንዳለበት ገለጸ። ነገሩ ከተነገረ በኋላ ግልጽ ይመስላል፤ በሳሳ አየር ውስጥ መቋቋሚያው ስለሚያንስ በዚያው ጉልበት ብዙ መንገድ ይሄዳልና። ነገር ግን የዚያ ዘመን ሞተር፥ ቤንዚኑን ለማቃጠል የሚያስፈልገውን አየር በዚያ ከፍታ የሚያጣ ሲሆን፥ ፕሮፔለሩም የሚጨብጠው ነገር እያነሰው ይደክም ነበር። ዊትል በ1930 የጄት ሞተርን ፓተንት አስመዘገበ፤ በ1937 ሞተሩ በምድር ላይ ተሞከረ፤ በጀርመን አገር በሀንስ ፎን ኦሃይን ሞተር የሚሄድ አይሮፕላን በ1939 ቀድሞ ቢበርርም፥ የዊትልም በ1941 ሰማይ ወጣ። እንግዲህ ጄት የተወለደው ከፍጥነት ምኞት ብቻ ሳይሆን ከከፍታ አስፈላጊነት ጭምር ነው፤ ወደዚያ ካልወጣም ነዳጁን ያለ ልክ ይፈጃል እንጂ ጥቅም አይሰጥም።

ሰው ግን ወደዚያ ከፍታ ራቁቱን እንደማይወጣ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1875 በሚያዝያ ወር ዜኒት በተባለ ባሉን ከፓሪስ የተነሡ ሦስት ፈረንሳውያን፥ 8000 ሜትርን ባለፉ ጊዜ የኦክሲጅን ከረጢት አጠገባቸው ተሰቅሎ ሳለ፥ አፋቸው ዘንድ ለማድረስ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሁለቱ ሞቱ፤ ሦስተኛው ጋስቶን ቲሳንዲዬ ተርፎ መሰከረ። በከፍታ ላይ አየር ማጣት ማለት ሳይታመሙና ሳይጨነቁ፥ እንዲያውም በደስታ ስሜት ተውጠው ኅሊናን መሳት ነው፤ ስለዚህም ከሥቃይ ይልቅ የሚያስፈራ ነው።

የኮሜት ሠሪዎች የመረጡት መፍትሔ እንዲህ ነበር፤ ሰውን ወደ ሰማይ ከማላመድ ይልቅ የሰውን አየር ወደ ሰማይ ማውጣት። ከሞተሮቹ የተጨመቀ አየር እየቀነሱ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ነፉት፤ ውስጡ የደጋ አየር፥ ውጭው የጠፈር ባዶነት ሆኖ፥ በመካከላቸው ከ1 ሚሊሜትር የቀጠነ የአሉሚኒዩም ቆዳ ብቻ ቆመ። ኮሜት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 ሐምሌ ወር በሀትፊልድ ተሞክሮ፥ በ1952 ግንቦት 2 ቀን ከለንደን ተነሥቶ በሮም፥ በቤይሩት፥ በካርቱም፥ በኤንቴቤና በሊቪንግስተን በኩል ጆሃንስበርግ ሲደርስ፥ ዓለም አዲስ ዘመን መጣ አለ፤ እውነትም መጥቶ ነበር።

ነገር ግን ይህ አይሮፕላን በተነሣ ቁጥር እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይነፋል፥ ባረፈ ቁጥር ይተነፍሳል፤ ብረት ደግሞ፥ አንድ ጊዜ የማይሰብረው ኀይል ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት፥ ይዝላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ጥር ወር አንዱ ኮሜት ከሮም ተነሥቶ በኤልባ ደሴት አጠገብ በአየር ላይ ተበታተነ፥ 35 ሰዎችም ሞቱ፤ ከሦስት ወር በኋላ ሌላው ከሮም ወደ ካይሮ ሲሄድ በኔፕልስ ደቡብ 21 ሰዎችን ይዞ ጠፋ። የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ስብርባሪውን ከባሕር ወለል ለቅሞ አወጣ፤ በፋርንቦሮ ያሉት መርማሪዎች፥ በሰር አርኖልድ ሆል መሪነት፥ አንድ ሙሉ ኮሜት በታላቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው፥ ውስጡን በውኃ እየሞሉና እያስተነፈሱ፥ ለአይሮፕላኑ የብዙ ዓመት በረራ የሚሆነውን ድካም በጥቂት ሳምንታት አሳለፉት። ውኃ የመረጡበትም ምክንያት አየር ሲፈነዳ ሁሉን ስለሚበትን፥ ውኃ ግን ስንጥቁን ባለበት ስለሚያቆየው ነው። አይሮፕላኑ አስቀድሞ የበረረው ተደምሮ በ3057ኛው መነፋት ላይ፥ ከመስኮት ማእዘን አጠገብ ቆዳው ተተረተረ፤ በኤልባ የወደቀው 1290 ጊዜ፥ በኔፕልስ የወደቀው ደግሞ 900 ጊዜ ብቻ ተነፍተው ነበር።

በዚህ ነገር ላይ ረዘም አድርጌ መቆየቴን ይቅር ትሉኛላችሁ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ የመንገደኛ ጄቶች፥ ስንጥቅ ቢጀምር እንኳ ሳይስፋፋ የሚገታበት ማጠናከሪያ እንዲኖራቸው፥ ቆዳቸውም በመስኮት ማእዘን ዙሪያ እንዲጠነክር የተደረገው በነዚያ 56 ሰዎች ሞት ነው፤ እነርሱም የሞቱት፥ የሰሜን ወይም የጎጃም እረኛ በነጻ የሚተነፍሰውን አየር ወደ ሰማይ ለማድረስ በተደረገ ሙከራ ነው። የአየር ጉዞ ታሪክ የአብራሪዎችን ስም በክብር ሲያነሣ፥ እነዚህንም ሊያስባቸው ይገባል እላለሁ።

አሁን ደግሞ ከሰማይ ወርደን ወደ ሜዳው እንመለስ። ያ የመጀመሪያው የጄት መንገድ በካርቱምና በኤንቴቤ በኩል በምዕራባችን አልፎን ሄደ እንጂ ወደ ደጋው አልወጣም። ክንፍ አይሮፕላንን የሚያነሣው በሥሩና በላዩ በሚያልፈው የአየር ብዛት ነው፤ በቦሌ ከፍታ ላይ የአየሩ ወፍራምነት በባሕር ዳር ካለው ከ100 እጅ 80 ያህል ነው፥ ቀኑ ሲሞቅ ወደ 75 ይወርዳል። የጎደለውን በፍጥነት መሙላት ግድ ስለሚሆን፥ በባሕር ዳር በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ይነሣ የነበረው አይሮፕላን እዚህ 280 ወይም 290 መሮጥ አለበት፤ ሞተሩም የሚውጠው አየር ስላነሰው ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ፍጥነት ተጨምሮ፥ ጉልበት ተቀንሶ፥ የሩጫው ርዝመት ከግማሽ በላይ ይጨምራል። የኮሜት ሠሪዎች ይህን ፈርተው፥ ለሞቃትና ለከፍተኛ ሜዳዎች እንዲረዳ ስፕራይት የተባለ ትንሽ ሮኬት በሞተሮቹ መካከል አኑረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ሞክረው ነበር፤ ለሥራ ግን አልዋለም።

በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አይሮፕላን፥ የፈረንሳይ ሥሪት የሆነው ፖቴዝ 25፥ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን ባደረገ ጊዜ፥ የሚጠቀምባቸው የዳግላስ አይሮፕላኖች ግፊት የሚጠብቁ አልነበሩም፤ ተራራ ለማለፍ በወጡበት ከፍታ ያለውን አየር ተሳፋሪው እንዳለ ይተነፍሰው ነበር። በሣርና በአፈር ሜዳ ላይ የሚያርፉት እነዚያ አይሮፕላኖች አገሪቱን ያስተሳሰሩበት ሥራ ራሱን የቻለ ንግግር ስለሚሻ አልፈዋለሁ። የአዲስ አበባው የቀድሞ ማረፊያ፥ የልደታ ሜዳ፥ ለእነርሱ ይበቃ ነበር፤ ለጄት ግን አልበቃም።

ስለዚህ ድርጅቱ ጄት ለመግዛት በወሰነ ጊዜ ሁለት ነገር አብሮ መወሰን ነበረበት፤ የትኛውን ጄት፥ ከየትኛው ሜዳ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ቦይንግ 720ቢ ሆነ፤ ይህም ከ707 አጠር ብሎና ቀለል ብሎ የተሠራ ሲሆን፥ ሞተሩ ከፊቱ ባለው ሰፊ ማራገቢያ ከቀደሙት ሞተሮች የበለጠ አየር እየሳበ ወደ ኋላ ስለሚገፋ፥ በሳሳ አየር ውስጥ ሲነሣ የተሻለ ጉልበት ነበረው። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ቦሌ ሆነ። ሁለቱ አይሮፕላኖች በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ መንፈቅ ደርሰው፥ በዚያው ዓመት በጥር ወር ወደ ናይሮቢ በረራ ጀመሩ። የቦሌን መመሥረት ብዙ ሰው የከተማ መስፋፋት ታሪክ አድርጎ ሲተርከው እሰማለሁ፤ ለኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ለሳሳው አየር የተሰጠ መልስ ነው፤ ዛሬ በዚያ ያሉት ሁለቱ መንደርደሪያዎች 3700 እና 3800 ሜትር የሚረዝሙትም ለጌጥ አይደለም።

ከቦሌ የሚነሣ መንገደኛ አንድ ነገር አስተውሎ ይሆናል። ከባሕር ጠረፍ ከተማ የሚነሣ ሰው አይሮፕላኑ ሲወጣ ጆሮው ይደፈንበታል፤ ከአዲስ አበባ በሚነሣ አይሮፕላን ግን የውስጡ አየር ከሜዳው አየር ብዙ ስለማይርቅ ይህ እምብዛም አይሰማም፥ የሚሰማው ሮም ወይም ጅዳ ለማረፍ ሲወርድ ነው። በቦሊቪያ ላ ፓዝ አጠገብ ወዳለው ወደ ኤል አልቶ፥ 4061 ሜትር ላይ ወዳለው ማረፊያ የሚሄድ አይሮፕላን ደግሞ ወደ ምድር እየወረደ ሳለ የውስጡን አየር ማሳሳት አለበት፤ አካሉ ሲወርድ ተሳፋሪው ይወጣል። አየር መንገዳችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787፥ አካሉ ከአሉሚኒዩም ይልቅ መዛልን በሚቋቋም የካርቦን ውሁድ ስለተሠራ፥ በውስጡ የ6 ሺህ ጫማ ወይም የ1830 ሜትር አየር መጠበቅ ይችላል። እንግዲህ በርሱ ተሳፍሮ ከቦሌ የሚነሣ ሰው፥ ክንፉ ወደ 12 ሺህ ሜትር ሲወጣ፥ ሳንባው ግን 500 ሜትር ያህል ወርዶ ከባሕር ዳር ከተማ፥ ከጣና ዳርቻ አየር አጠገብ ይደርሳል። የኮሜት መሐንዲሶች ሊደርሱበት ያልቻሉት ደረጃ ይህ ነው።

ሜዳው ግን እስካሁን ዕዳውን ያስከፍላል። በዋሽንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ አይሮፕላኑ በመንገድ ሳያርፍ ይደርሳል፥ ከዚህ ወደዚያ ሲመለሱ ግን በመንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይሞላል። ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ አንዱ ምክንያት ቢሆንም፥ ዋናው ምክንያት ከቦሌ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሣት አለመቻሉ ነው። ለያንዳንዱ በረራ የቀኑን ሙቀት፥ የነፋሱን አቅጣጫ፥ የሜዳውን ርዝመት አስልተው ይህን ያህል ቶን ብቻ ጫኑ፥ የተረፈውን አስቀሩ ብለው የሚወስኑ ሠራተኞች አሉ፤ ሥራቸው ለተሳፋሪው አይታይም፥ ስማቸውም አይነገርም፤ በአገራችን የከፍታን ነገር በየዕለቱ እንደ እነርሱ በቁጥር የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

በቢሾፍቱ አካባቢ የሚሠራው አዲሱ ታላቅ ማረፊያም ከስፋቱ ሌላ በዚህ በኩል መመዘን አለበት። ሰፊ ሜዳ ሌላም ቦታ ይገኝ ይሆናል፤ ቢሾፍቱ ግን 1900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ማለቷ ነው። እቴጌ ጣይቱና ዐፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ውርጭ ወደ ፍል ውኃ የወረዱት ለሰው ሙቀት ፍለጋ ሲሆን፥ ይህኛው መውረድ ለክንፍና ለሞተር የሚሆን አየር ፍለጋ ነው። ትርፉም በአማካዩ ሠንጠረዥ ሲሰላ፥ የአየሩ ወፍራምነት ከ100 እጅ 4 ያህል ይጨምራል። ቁጥሩ ለሰሚው ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን 250 ቶን የሚመዝን አይሮፕላን በአንድ መቶኛ እጅ ክብደት ብቻ እንኳ ቢፈቀድለት 2 ቶን ተኩል ነው፥ ያም ከነሻንጣቸው የ25 ሰዎች ክብደት ወይም ያን ያህል ነዳጅ መሆኑን፥ በዓመትም የሚነሡት በረራዎች ብዙ ሺህ መሆናቸውን አስባችሁ ማባዛቱን ለእናንተ እተዋለሁ።